ዱካ ያለው ግሥ

ሁምቦ ውስጥ፣ ተበላ በምትባል ከተማ በመምህርነት በተመደብኩ በመጀመሪያው ሳምንት ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንበሳ ሳልኩ። አንበሳ ነው ብዬ ነው እንጂ፣ ጎፈር ስጨምርለት በግ መሰለ፤ ጅራቱን ባረዝምለት አህያ ሆነ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ከሥሩ በትልልቁ «ላየን» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩበትና የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ እያራገፍኩ ወደ ተማሪዎቹ ዞርኩ። ከኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ አንድ እጅ ወጣ። የልጅ እጅ አልነበረም።

«ቲቸር፣ ይቺ ጅብ ናት?»

ተማሪው በሳቅ አውካካ። ጠያቂው ግን አልሳቀም። ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ የደበዘዘ ካኪ ኮት የለበሰ ሰውዬ ነበር፤ ጉልበቶቹ ለልጅ በተሠራው ዴስክ ሥር አልገባ ስላሉት እግሮቹን ወደ መተላለፊያው ዘርግቷቸዋል። ሊያሾፍብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። በኋላ እንደገባኝ ግን የምሩን ነበር የጠየቀው። የሳልኩት እንስሳ የኋላ እግሩ ከፊቱ አጥሮ ነበር፤ እሱ በሚያውቀው ዱር ደግሞ እንዲያ ሆኖ የሚሄድ ጅብ ብቻ ነው።

እኔ ሶዶ፣ ኦቶና ሆስፒታሉ አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ የከተማ ልጅ ነኝ። የዱር እንስሳ ከተባለ ጅብን በድምፁ፣ ዝንጀሮን ከሚኒባስ መስኮት አውቃለሁ፤ በቃ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ዲፕሎማዬን ይዤ ስወጣ ግን የእንግሊዝኛ ግሥ ከነእርባታው እጄ የገባ ይመስለኝ ነበር። ቤታችን ውስጥ ወላይትኛ የእናቴ፣ የጸሎትና የቁጣ ቋንቋ ነው። እኔ አማርኛ እመርጥ ነበር፤ እንግሊዝኛ ጣል ሳደርግበት ደግሞ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እኔም ሁምቦ ቆላ ወርጄ ቁርበቱ እስኪነጠፍልኝ እጠብቅ ነበር።

ስለ ሰውዬው የነገረኝ ርዕሰ መምህሩ ነው። በአባያ ሐይቅ ዳር ባለ ጥብቅ ስፍራ ስካውት ነው፤ ጉማሬውን ከገበሬ፣ ገበሬውን ከጉማሬ የሚጠብቅ። በኮንትራት አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ጊዜው ደግሞ በኢሕአዴግ ዘመን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ቢፒአር» በተባለ የመዋቅር ለውጥ የሚገላበጥበት ነበርና፣ ከጸሐፊ እስከ ዘበኛ ሰው መደቡን ፍለጋ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያንጋጥጥ ነበር። ለስካውትም አዲስ መመዘኛ ወጣ፦ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ያለፈ። እሱ በልጅነቱ ስድስተኛ ላይ አቋርጧል። አለቆቹ ሥራውን ስለሚያውቁ ሦስት ዓመት ሰጡት። ሰባተኛን አለፈ። ስምንተኛን አምና ተፈትኖ በእንግሊዝኛ ምክንያት ወደቀ። የቀረው ይኸው የእኔ ዓመት ብቻ ነው። ዘንድሮም ከወደቀ ካኪውንና ጠመንጃውን ያስረክባል፤ ሐይቁ ዳርም ካርድ ላለው ሌላ ሰው ይሰጣል።

«ሌላውን ትምህርት ራሱ ይወጣዋል፤ እንግሊዝኛውን ግን ያላንቺ አይወጣውም» አለኝ ርዕሰ መምህሩ።

ጠዋት ሥራው ላይ ሆኖ ለከሰዓት ፈረቃ ሁለት ሰዓት በእግሩ ይመጣ ነበር። ሲቀናው አሸዋ የጫነ መኪና ያገኛል። ጫማው ከጎማ የተሠራ በረባሶ ነው፤ ክፍል ከመግባቱ በፊት ደጃፍ ላይ ቆሞ ጭቃውን በእንጨት ይጠርጋል። ልጆቹ «ጋሼ» ይሉታል፤ እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ። እሱ እኔን «አንተ» ነበር የሚለኝ። ንቀት አይደለም። አማርኛን ከጎለመሰ በኋላ ስለተማረው ጾታን እንዳመጣለት ነበር የሚያድለው፤ እኔ «አንተ» ስሆን ጅቡ «እሷ» ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ፊት ያናድደኝ ነበር፤ አፌን አሹዬ አርመው ሁሉ ነበር። እሱ «እሺ ቲቸር፣ ይቅርታ አድርግልኝ» ይላል።

የመጽሐፉ ምዕራፍ ስለ ዱር እንስሳት ነበር። አንበሳ ሥጋ ይበላል፣ ጉማሬ ውሃ ውስጥ ይኖራል እያልን ሲምፕል ፕረዘንትን ጀመርን። በስሙ ፈንታ ተውላጠ ስም አስገቡ አልኩ። አንበሳ በ«ኢት» ይተካል ብዬ ጻፍኩ። ሰውዬው ተነሣ።

«ቲቸር፣ ‹ኢት› ለጠረጴዛ ነው ብለህ ነበር።»

«ለእንስሳም ይሆናል።»

«ጠረጴዛ ይነክሳል?»

«እንግሊዞች እንዲህ ነው የሚሉት» ብዬ ዘጋሁት። ተቀምጦ ጻፈ። ደብተር ሰብስቤ ሳርም ግን አንበሳው «ሂ»፣ ጉማሬዋ «ሺ»፣ አዞው «ሂ» ሆነው አገኘኋቸው። «ኢት» የተባለችው አህያ ብቻ ናት። ለምን ብዬ ስጠይቀው ግራ በመጋባት አየኝ።

«አህያ የራሴ ናት ቲቸር። ገዝቻት ነው።»

ያን ቀን ማረሚያ እስክሪብቶዬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። በሕጉ ስህተት ነው፤ ፈተና ላይ ነጥብ ያስጥለዋል። እንደ ሐሳብ ግን ከዚያ በፊት ከአንድም ተማሪ ደብተር እንዲህ ያለ ነገር አላነበብኩም ነበር። የሚገዛውንና የማይገዛውን ለይቶ አስቀምጦታል። ቀይ መስመሬን በስሱ አሰመርኩበት።

ቃላት ማስተማርማ ከእሱ ጋር ፈተናም ደስታም ነበር። ለልጆቹ «ሃይድ» ማለት መደበቅ ስላቸው ጽፈው ያልፋሉ። እሱ አያልፍም።

«ማን ነው የሚደበቀው?»

«ማንም ሊሆን ይችላል።»

«አይሆንም ቲቸር። ነብር ፈልጋ ትደበቃለች፣ ድኩላ ፈርታ ትደበቃለች። አንድ አይደለም።» ተነሥቶ በዴስኮቹ መሀል ጎንበስ ይልና ሁለቱንም ያሳየናል። ነብር ሲሆን ትከሻው ይወርዳል፣ ዓይኑ አይነቀነቅም፤ ድኩላ ሲሆን አንገቱ ቀጥ ይላል፣ ጆሮው ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ስልሳው ልጅ ትንፋሹን ይውጣል። «ሃንት»፣ «ክሮል»፣ «ግሬዝ» የሚሉት ቃላት በእሱ ገላ ላይ ሆነው ነው ወደ ልጆቹ የገቡት። እኔ አጠገቡ ጠመኔ ይዤ ቆሜ አደንቃለሁ፤ ማድነቄን ግን ፊቴ ላይ እንዳያይብኝ እጠነቀቅ ነበር። መምህሯ እኔ ነኛ።

ፕረዘንት ፐርፌክት ላይ ስንደርስ ተጣላን። እኔ የተማርኩት በዜማ ነው፤ «ሃቭ ወይም ሃዝ ሲደመር ፓስት ፓርቲሲፕል» እያልኩ አስዜምኳቸው። ልጆቹ አዜሙ። እሱ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይሄ ያለፈ ነገር ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ስሙ ለምን ‹ፕረዘንት› ሆነ? ፕረዘንት አሁን ነው ብለህ ነበር።»

ደህና ጥያቄ ነበር። መልሱን አላውቀውም። ያላወቀ መምህር የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ተቆጣሁ።

«በዚህ ዕድሜዎ ይሄ ካልገባዎት እኔ ምን ላድርግዎት? ጠመንጃውን ቢያስረክቡ ነው የሚሻለው!»

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ መሬት ሳይነካ ነው የጸጸተኝ፤ ግን የተናገሩት አይመለስም። እሱ ደብተሩን አጥፎ ካኪ ኪሱ ከተተና ደወል እስኪደወል ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን ባዶው ዴስክ እኔን እያየ ዋለ። ምሳ አልበላ አለኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ሥራው እንጥልጥል ላይ ያለን ሰው፣ እኔ ስላላወቅሁ እሱን አሳፈርኩት። እናቴ ብትሰማ በወላይትኛ የምትለኝን ቃል በቃል አውቀው ነበር።

በአራተኛው ቀን መጣ። ካኪው እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። ለካ ጉማሬዎች የሰው በቆሎ ውስጥ ገብተው ሁለት ቀን ሙሉ ከገበሬዎቹ ጋር ሲመልስ ነበር የከረመው። እኔ በጸጸት ስብሰለሰል እሱ ትዝም አላልኩት። የይቅርታ ንግግሬን ሳልጀምር ቀደመኝ።

«ቲቸር፣ ቅዳሜ ሐይቅ ና። ያንን ፐርፌክት እዛ አሳየኝ። እዚህ አልታየኝም።»

ቅዳሜ ስድስት ተማሪዎች ተከተሉኝ። በአሸዋ መኪና ወርደን የቀረውን በእግር ሄድን። ሙቀቱ ከሶዶ የመጣ ሰው የሚችለው አይደለም፤ የከተማ ጫማዬ አፈር እየዛቀ እግሬን ላጠው። እሱ ፊት ፊት ይሄዳል፤ ውሃው ዳር ስንደርስ ድንገት ቆመና ቁጢጥ አለ። ጭቃው ላይ ሰሃን የሚያህል፣ አራት ጣት ያለው ጉድጓድ አለ።

«ማን ነው?» አለ።

«ጉማሬ!» አሉ ልጆቹ።

«መቼ?»

በጣቱ የጉድጓዱን ከንፈር ነካ አደረገው። ውሃ ከጎን እየሰረገ ገና ይሞላው ነበር፤ የተረገጠውም ሣር ቀና አላለም። «አሁን ነው» አለ። «ሄዳለች። ግን እዚህም አለች።» ከዚያ ራቅ ወዳለ ደረቅ ቦታ ወሰደንና ሌላ ዱካ አሳየን። ተሰነጣጥቋል፤ መሀሉ ላይ ሣር በቅሏል። «ይቺ ደግሞ ሄደች። ድሮ።»

ሄዳለች፣ ሄደች። አለፈ፣ አልፏል። በአማርኛ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ያውቀዋል። ጎን ለጎን አፈር ላይ ተቀምጠው ግን አይቻቸው አላውቅም ነበር። እርጥቡ ዱካ ላይ ተመልሼ ጮህኩ፤ አዎ ጮህኩ፤ «ዘ ሂፖ ሃዝ ፓስድ!» አልኩ። ወደ ደረቁ ሮጥኩና «ዘ ሂፖ ፓስድ!» አልኩ። ልጆቹ አብጄ መሰላቸው። እሱ ግን ቁጢጥ እንዳለ አንዴ ወደዚህኛው፣ አንዴ ወደዚያኛው አየ። ሲያስብ ከንፈሩን ይነክሳል።

«ገባኝ» አለ። «ሃዝ ማለት ዱካው አለ ማለት ነው።»

ማሠልጠኛ ውስጥ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። የሰዋስው ሊቅ ቢሰማው ይከራከር ይሆናል፤ ይከራከር። ከዚያ ቀን ወዲህ ላስተማርኳቸው ተማሪዎች ሁሉ ያንኑ ነው የነገርኳቸው። ያለፈ ነገር ለምን ፕረዘንት እንደተባለ የጠየቀኝን ጥያቄ ራሱ መለሰልኝ፤ ያውም ሳይኮራ፣ እኔ እንዳስተማርኩት ሁሉ እያመሰገነኝ።

ከመመለሳችን በፊት አንድ ጉብታ ላይ አወጣንና በእጁ ቁጥቋጦውን እስከ ተራራው ሥር ድረስ አሳየን። «እዚህ አንበሳ ነበረ። አባቴ ብዙ ጊዜ ሰምቷል። እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ሰማሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «ላየንስ ሊቭድ ሂር። ይሄ ሃዝ የለውም ቲቸር። ዱካ የለም።» ዓረፍተ ነገሩ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ስህተት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ አንጀቴን በላው።

በመንገድ ላይ ይቅርታ ጠየቅሁት። በወላይትኛ ነበር የጠየቅሁት፤ በአማርኛ ቢሆን የመምህር ይቅርታ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። እሱም በወላይትኛ መለሰልኝ፤ በቋንቋው ሲናገር ሌላ ሰው ነው፣ ቃሉ የሰላ፣ ቀልዱ ቶሎ የሚመጣ። «ልጄ፣ ምን ዋሸሽ?» አለኝ። «ካልገባኝ እኮ እውነትም አስረክባለሁ። የሚያስፈራኝ የአንቺ ቁጣ አይደለም። እኔ የማውቃቸው ጉማሬዎች ከማያውቃቸው ሰው ጋር መቅረታቸው ነው።»

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ መልኩን ቀየረ። ልጆቹ በየመንገዳቸው ዱካ እያዩ ይመጣሉ። «ዘ ዶግ ሃዝ ክሮስድ ዘ ሮድ» ይለኛል አንዱ፤ ሌላዋ «ውሸቱን ነው ቲቸር፣ ደርቋል፣ ሃዝ አይገባውም» ብላ ትሟገታለች። አንድ ቀን እርጥብ ጭቃ በሳፋ ክፍል ውስጥ አስገብተን የዶሮ፣ የፍየልና የርዕሰ መምህሩን ጫማ ዱካ አተምንበት። በዓመቱ ግምገማ ላይ አንድ ባልደረባዬ ተነሥቶ፣ ጓዲት ከዕቅድ ውጭ ተማሪ ወደ ጫካ ትወስዳለች፣ ክፍል ውስጥም ጭቃ ታስገባለች ብሎ ሂስ አቀረበብኝ። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። ጭቃውን በደንብ ባለመጥረጌ አጥፍቻለሁ አልኩ። ሁሉም ሳቀ፤ ባልደረባዬም ሳቀ።

ሞዴል ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አድራጊና ተደራጊ ግሥ ለመፈተን አጫጭር የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች ሰጥቼ ወደ እንግሊዝኛ መልሱ አልኩ። ሦስተኛው «ጎደሬ ይበላል» የሚል ነበር። ሥር ስለሆነ የሚበላ እንጂ የሚበላ አይደለምና፣ መልሱ ተደራጊ ይሆናል ብዬ ነው። አሁን የጻፍኩትን ልብ በሉ፤ ሁለቱንም «የሚበላ» አንድ ዓይነት አድርጌ ነው የጻፍኳቸው፣ ፊደላችን ማጥበቂያ የለውማ። ሰውዬው በእንግሊዝኛ «ጅብ ትበላለች» የሚል መልስ ጽፎ አገኘሁ። ይኼን ሁሉ ለፍቼ ብዬ ቀይ ኤክስ ጨረገድኩበት፤ በጎኑም የቃል አጋኖ አቆምኩበት።

ወረቀቱን ይዞ መጣ። ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ቲቸር፣ ጎዳሬ አትበላም? ካልበላች ምን ትሠራለች ታዲያ?»

«ጎደሬ እንዴት አድርጎ ይበላል? ሰው ነው የሚበላው!»

«ሰውን አዎ፣ አንዳንዴ ትበላለች።»

ተፋጠጥን። ከዚያ ቀስ በቀስ ነገሩ ተገለጠልኝ። በወላይትኛ ጅብ «ጎዳሬ» ነው። አማርኛ ጎደሬ የሚለውን ሥር እኛ «ቦይና» ነው የምንለው። ይህን ደግሞ እኔ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ እናቴ ቤት ቦይና ስበላ ነው ያደግሁት። ሰውዬው የቃሉ ፊደል ትንሽ የተዛነፈ መስሎት፣ «ይበላል»ንም አላልቶ አንብቦ፣ እንከን የሌለው እንግሊዝኛ ጽፎልኛል። እሱ የምሳ ዕቃውን ከፈተ። በዳታ በርበሬ የተለወሰ የተቀቀለ ቦይና አለበት።

«ቦይና እኮ ይኸው» አለ። «ይሄ ጎዳሬ ከሆነ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጅብ ስበላ ኖሬያለሁ።»

በሳቅ ወንበር ይዤ ቀረሁ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፤ ያንን የቃል አጋኖ ሳይ ደግሞ አፈርኩ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ለእኔ ነው። ኤክሱን ሰርዤ ራይት አደረግሁለት፤ በወላይታ ምድር ላይ ቆሜ የወላይታን ሰው በገዛ ቃሉ ልጥለው ነበርና። በማግስቱ «ሃይና ኢትስ፣ ቦይና ኢዝ ኢትን» እያልን ክፍሉን በሙሉ አስዜምነው። አድራጊና ተደራጊ እንደዚያ ዓመት ልጆች የገባው ክፍል ከዚያም በኋላ አላጋጠመኝም።

ሰኔ ላይ ተፈተኑ። ፈተና አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ሳያቸው፣ ከልጆቹ መሀል አንድ ትልቅ ጀርባ ጎንበስ ብሎ እርሳሱን እየላሰ ይጽፍ ነበር። ሲወጣ እንዴት ነበር አልኩት። «ዱካ ያለውን ለየሁ፤ የሌለውን ለየሁ። ሌላውን እግዜር ይወቅ» ብሎኝ ወደ ሐይቁ ሄደ። እኔም ክረምቱን ሶዶ ገባሁ። ውጤት እስኪመጣ የሰው ሥራ ሳይሆን የራሴ የሚወሰን ይመስል እንቅልፍ አጣሁ፤ እናቴ «የማን ፈተና ነው?» እስክትለኝ ድረስ።

ውጤት መጣ ሲባል ተበላ ወረድኩ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስሙን በጣቴ ፈለግሁ። አልፏል። የፈራነው እንግሊዝኛ ከሒሳቡ በልጦ መጥቷል። እሱ ውጤቱን ለማየት አልመጣም፤ ከትምህርት ቤቱ ማንም እሱ ያለበት አልሄደም። ርዕሰ መምህሩን ውጤቱ በማኅተም እንዲጻፍልኝ ለመንኩና ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ብቻዬን ወደ ሐይቁ መንገድ ጀመርኩ።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። የስካውቶቹ ጎጆ ስደርስ በሩ ተዘግቷል፤ ሰው የለም። ብጣራ ወፍ ብቻ ተነሣ። ልመለስ ዞር ስል ጎንበስ ብዬ መሬቱን አየሁ፤ እሱ ያስለመደኝ ነገር ነው። ጭቃው ላይ የጎማ ጥርስ ያለው የበረባሶ ዱካ አለ። የቀኝ እግሩ ትንሽ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ያንን አረማመድ ከመስኮቴ ስንት ቀን ሲመጣ አይቼዋለሁ። ጠርዙ አልተናደም። ውሃ ከጎን እየሰረገ ገና ይሞላው ነበር።

ተከተልኩት። ደንገሉ ዳር ዱካው ጠለቀ፤ ቁጢጥ ብሏል ማለት ነው። ቀና ስል እዚያው ነበር፤ ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ፣ ዓይኑ ውሃው ላይ። አንዲት ጉማሬ ከግልገሏ ጋር አፍንጫዎቻቸውን ብቻ አውጥተው ይተነፍሳሉ። ሳያየኝ በእጁ ዝም በል አለኝ። እኔ ግን መታገሥ አልቻልኩም። ጆሮው ሥር ደርሼ በሹክሹክታ፦

«ዩ ሃቭ ፓስድ።»

«የስ» አለ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሣ። «አይ ሃቭ ፓስድ። ዱካዬን አይተህ ነው የመጣኸው?»

ወረቀቱን ከፕላስቲኩ አውጥቼ ዘረጋሁለት። እጁን ካኪው ላይ ጠረገና ተቀበለኝ። በጣቱ እየተከተለ፣ ከስሙ ጀምሮ እስከ ማኅተሙ ድረስ ቀስ ብሎ አነበበ። ሲጨርስ እንደገና አነበበ። ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና ቁልፉን ዘጋበት፤ ጉማሬዋን አየ፣ ግልገሏን አየ። ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር፤ የእኔም።

ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ የመጣሁበትን መንገድ ተመለከተ። የእሱ በረባሶ ፊት ፊት፣ የእኔ የከተማ ጫማ እየተንሸራተተ ኋላ ኋላ፣ ከጎጆው በር እስከ ደንገሉ ድረስ አንዱም እርምጃ ሳይስት ተከታትሎ መጥቷል። በጣቱ የእኔን ዱካ አሳየኝና ፈገግ አለ።

«ቲቸር ሃዝ ፓስድ» አለኝ።